በታህቱ ምናባዊ ቁጥር ያለበትን ክፍልፋይ ስናቃልል ለምን በኮንጁጌት እናባዛለን?

የማታ ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቀን እየሠራሁ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብን የምከልስ ተማሪ ነኝ። አሁን ውስብስብ ቁጥሮች ላይ ደርሻለሁ፤ መደመሩ፣ መቀነሱና ማባዛቱ አላስቸገሩኝም፣ ማካፈሉ ግን ጥያቄ ፈጥሮብኛል። ለአጻጻፍ እንዲመች ስኩዌሩ −1 የሚሆነውን ምናባዊ ቁጥር «ኢ» ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ማለትም ኢ² = −1 ነው።

የምጠቀምበት መማሪያ በታህቱ ላይ ኢ ያለበት ክፍልፋይ ሲያጋጥም ላዕሉንም ታህቱንም በታህቱ ኮንጁጌት (የምናባዊው ክፍል ምልክት ብቻ ተቀይሮ በሚጻፈው ቁጥር) እንዳባዛ ያዝዛል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ መልመጃው ይገባል። ደንቡን ተከትዬ ስሠራ መልሱ ይገጥማል። ነገር ግን ደንቡ ከየት እንደ መጣ ስላልተገለጸልኝ በሌላ መንገድም ይሆን እንደሆነ መሞከር ጀመርኩ። ለምሳሌ (3 + 2ኢ)/(4ኢ) የሚለውን ላዕልና ታህቱን በኢ ብቻ ባባዛ፣ ላዕሉ 3ኢ − 2፣ ታህቱ −4 ሆኖ መልሱ 1/2 − (3/4)ኢ ይወጣል። በደንቡ መሠረት በ −4ኢ ባባዛም የሚወጣው ይኸው ነው። (5 + ኢ)/(2 − 3ኢ) ላይ ግን በኢ ማባዛቱ የትም አያደርስም፤ ክፍልፋዩ (−1 + 5ኢ)/(3 + 2ኢ) ይሆናል፣ ኢም ከታህቱ አልወጣም።

ስለዚህ እንድታስረዱኝ የምለምናችሁ የሚከተለውን ነው። በኢ ማባዛት በአንዱ ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ እንቢ ያለው ለምንድን ነው፣ ኮንጁጌቱስ ሁልጊዜ የሚሠራው በምን ምክንያት ነው? ደግሞስ ኢ በታህቱ ላይ ቢቀመጥ ምን ጉዳት አለው፣ እኩልነቱ እስካልተበላሸ ድረስ «አልተቃለለም» የሚባለው ለምንድን ነው? በመጨረሻም፣ መልስ ያልተሰጠበት ጥያቄ ሲገጥመኝ የደረስኩበት ውጤት ትክክል መሆኑን በራሴ የማረጋግጥበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


የሒሳብ መምህር፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ደንቡን ሸምድዶ ከማለፍ ይልቅ ከሥሩ መጠየቅዎም ያስመሰግንዎታል። እኔ ይህን ትምህርት ሳስተምር ኮንጁጌት የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ አላነሣም፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙት አደርጋለሁ። እስቲ እርስዎም አብረውኝ ይፈልጉት።

የምንፈልገው 2 − 3ኢ ሲባዛበት ኢ የሌለበት ውጤት የሚሰጥ ቁጥር ነው። ምን እንደሆነ ስለማናውቅ ሀ + ለ·ኢ እንበለው፤ ሀ እና ለ እውን ቁጥሮች ናቸው። ማባዛቱን እንደ ተለመደው ስናከናውን (2 − 3ኢ)(ሀ + ለ·ኢ) = 2ሀ + 2ለ·ኢ − 3ሀ·ኢ − 3ለ·ኢ² ይሆናል፤ ኢ² = −1 ስለሆነም የመጨረሻው ክፍል +3ለ ይሆናል። የሚመሳሰሉትን ስንሰበስብ (2ሀ + 3ለ) + (2ለ − 3ሀ)·ኢ እናገኛለን። እንግዲህ ኢ እንዲጠፋ ከፈለግን አጠገቡ ያለው 2ለ − 3ሀ ዜሮ መሆን አለበት፤ በሌላ አነጋገር 2ለ = 3ሀ። ይህንን የሚያሟላው ቀላሉ ጥንድ ሀ = 2፣ ለ = 3 ነው። ሀ = 4፣ ለ = 6 ቢሉም ይሠራል፣ ነገር ግን ያው የመጀመሪያው ጥንድ በ2 ተባዝቶ ነው። ስለዚህ 2 − 3ኢን ወደ እውን ቁጥር የሚለውጡት 2 + 3ኢ እና የእርሱ እውን ብዜቶች ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህ ውጭ ሌላ ቁጥር የለም። ኮንጁጌቱን ማንም በፈቃዱ የመረጠው ሳይሆን ስሌቱ ራሱ የሚያስገድደን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍልፋይዎ እንመለስ። ታህቱ 4ኢ ሲሆን 4ኢ(ሀ + ለ·ኢ) = −4ለ + 4ሀ·ኢ ነው፤ ኢ እንዲጠፋ ሀ ዜሮ መሆኑ ይበቃል፣ ለ ደግሞ ከዜሮ በቀር የፈለገውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኢ፣ በ −4ኢ ወይም በ7ኢ ቢያባዙ ሁሉም ያደርስዎታል። የ4ኢ ኮንጁጌት −4ኢ ነው፤ ኢ ደግሞ የ −4ኢ እውን ብዜት ነው። እንግዲያው በኢ ሲያባዙ ሳያውቁት ደንቡን እየተከተሉ ነበር ማለት ነው። 2 − 3ኢ ላይ ሲደርሱ ግን ኢ የ2 + 3ኢ እውን ብዜት ስላልሆነ አልሠራም።

በጠቅላላው ሐ + መ·ኢ በ ሐ − መ·ኢ ሲባዛ ሐ² − (መ·ኢ)² ይሆናል፤ ይህም ሐ² + መ² ነው። በመካከሉ የመደመር ምልክት መኖሩን ልብ ይበሉ፤ ሁለት ስኩዌሮች ሲደመሩ ዜሮ የሚሆኑት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ስለሆነ፣ ከዜሮ በቀር በማንኛውም ውስብስብ ቁጥር ማካፈል ሁልጊዜ እንደሚቻል ከዚህ እንረዳለን። በነገራችን ላይ ይህ ብዜት በታሪክም ቀድሞ የታየ ነው። ጣሊያናዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ በ1545 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የአልጀብራ ሥራ 10ን ብዜታቸው 40 በሚሆን ሁለት ክፍሎች ለመክፈል ሞክሮ 5 + √−15 እና 5 − √−15 ላይ ደርሷል። ሁለቱ ሲደመሩ 10፣ ሲባዙ ደግሞ 25 + 15 = 40 ይሰጣሉ። እርስዎ ታህቱን ለማጽዳት የሚጠቀሙበት ብዜት ይኸው ነው።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ኢ በታህቱ ላይ መቀመጡ ስሕተት አይደለም፤ (5 + ኢ)/(2 − 3ኢ) ፍጹም ትክክለኛ ቁጥር ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሁለት መልሶችን ለማስተያየት ስንፈልግ ነው። እርስዎ በኢ አባዝተው ያገኙት (−1 + 5ኢ)/(3 + 2ኢ) ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው፣ ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው እኩል መሆናቸውን በዓይኑ ሊያውቅ አይችልም። ሁለቱንም ወደ እውን ክፍልና ምናባዊ ክፍል ስንለያቸው ግን አንድ ይሆናሉ፦ (5 + ኢ)(2 + 3ኢ) = 10 + 15ኢ + 2ኢ + 3ኢ² = 7 + 17ኢ፣ ታህቱም 4 + 9 = 13 ነው፤ መልሱ 7/13 + (17/13)ኢ። ሁለተኛውን ደግሞ በ3 − 2ኢ አባዝተው ቢያቃልሉት ከዚሁ ላይ ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ ውስብስብ ቁጥር እንዲህ ያለው አጻጻፍ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እኩል መሆንና አለመሆንን የምንፈርደው በእርሱ ነው።


የፈተና አስጠኚ፦

የመምህሩ ማብራሪያ ምንም የሚጨመርበት የለውም፤ እኔ ሦስተኛውን ጥያቄ ልያዝና ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ሳስጠና በብዛት የማያቸውን አንዳንድ ነገሮች ላካፍል።

መልስን ለማረጋገጥ አስተማማኙ መንገድ መልሱን በታህቱ መልሶ ማባዛት ነው፤ ላዕሉ ካልተመለሰ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። በዚህ ምሳሌ (7 + 17ኢ)(2 − 3ኢ) = 14 − 21ኢ + 34ኢ + 51 = 65 + 13ኢ ሲሆን፣ በ13 ሲካፈል 5 + ኢ ይመለሳል። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ ፈጣን ማጣሪያ አለ። የአንድ ውስብስብ ቁጥር ሁለት ክፍሎች ስኩዌር ተደርገው ሲደመሩ የሚገኘው ቁጥር፣ ክፍልፋይ ሲካፈል አብሮ ይካፈላል። ለላዕሉ 25 + 1 = 26፣ ለታህቱ 4 + 9 = 13፤ 26 ለ13 ሲካፈል 2። ስለዚህ የመልሱም ድምር 2 መሆን አለበት፦ (49 + 289)/169 = 338/169 = 2። ይህ ማጣሪያ የማባዛት ስሕተትን ወዲያው ያጋልጣል፣ የምልክት ስሕተትን ግን አይዝም፤ 7/13 − (17/13)ኢ ብለው ቢጽፉም 2 ይሰጥዎታልና። ስለሆነም ምልክቱን የተጠራጠሩ እንደሆነ መልሶ ማባዛቱ የግድ ነው።

ምልክትን ካነሣን፣ ኮንጁጌት ሲባል የሚቀየረው የምናባዊው ክፍል ምልክት ብቻ ነው። የ −3 + 2ኢ ኮንጁጌት −3 − 2ኢ ነው። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱንም ምልክት ቀይረው 3 − 2ኢ ይጽፋሉ፤ በዚህ ሲያባዙ ታህቱ −5 + 12ኢ ስለሚሆን ኢ አይለቅም። ከዚህ የሚረቀው ታህቱ 2ኢ − 3 ተብሎ ተገልብጦ የተጻፈ ጊዜ ነው። ተማሪው የመካከሉን ምልክት አይቶ በ2ኢ + 3 ያባዛል። ይህ ቁጥር የኮንጁጌቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ መምህሩ እንዳሉት ኢን ማጥፋቱ አይቀርም፣ ታህቱ ግን −4 − 9 = −13 ይሆናል። ተማሪው ከልማድ የተነሣ 13 ብሎ ይጽፍና የመልሱ ሁለት ምልክቶች ተገልብጠው ይወጣሉ። በምርጫ ጥያቄ ላይ ይህ የተገለበጠ መልስ ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ መቅረቡ የተለመደ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከማባዛት በፊት ታህቱን እውኑን ክፍል አስቀድሞ −3 + 2ኢ ብሎ መጻፍ።

ክፍልፋይን ስለ መነጣጠልም አንድ ነገር ልበል። በአንድ ታህት ላይ ያለን ላዕል መነጣጠል ይቻላል፤ (6 + 4ኢ)/2 ማለት 3 + 2ኢ ነው፣ ሁለቱም ክፍሎች ይካፈላሉ። ታህትን መነጣጠል ግን በጭራሽ አይቻልም፤ 1/(2 + ኢ) ከ 1/2 + 1/ኢ ጋር እኩል አይደለም። የመጀመሪያው (2 − ኢ)/5 ሲሆን ሁለተኛው 1/2 − ኢ ነው።

ኢ በአርቢ ሲመጣ ደግሞ ኮንጁጌት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ኢ⁴ = 1 ስለሆነ አርቢውን ወደሚቀጥለው የ4 ብዜት ማድረስ ይበቃል፦ 1/ኢ²⁷ = ኢ/ኢ²⁸ = ኢ። እንዲሁም እጅዎን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ክፍልፋዩን ረጋ ብለው ይመልከቱት። (3 + 4ኢ)/(4 − 3ኢ) ላይ ታህቱ በኢ ቢባዛ 4ኢ + 3 ይሆናል፣ ያም ላዕሉ ራሱ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ያለ ምንም ተጨማሪ ስሌት ኢ ነው። (1 + ኢ)/(1 − ኢ) የሚለውም እንዲሁ ኢ ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ «ይህ ክፍልፋይ በአርቢ 2018 ሲነሣ ስንት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብለት አይደነግጥም፤ 2018 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ስለሆነ መልሱ ኢ²፣ ማለትም −1 ነው።


የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፦

«ኢ በታህቱ ላይ ቢቀመጥ ምን ጉዳት አለው?» የሚለውን ጥያቄ ከሙያዬ አንጻር ልመልሰው፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ይህ ማቃለል የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት ውስጥ ሬዚስተር የሚያሳየው ተቃውሞ በእውን ቁጥር፣ ኢንዳክተር ማለትም የተጠመጠመ ሽቦ የሚያሳየው ተቃውሞ ደግሞ በምናባዊ ቁጥር ይጻፋል፤ የሁለቱ ጥምር ኢምፔዳንስ ይባላል። ይህን አሠራር በተለይ ቻርልስ ስታይንሜትዝ በ1893 (እ.ኤ.አ.) ካቀረበው በኋላ በመላው ዓለም ያሉ መሐንዲሶች ተቀብለውታል። እኛ ኢ በሚለው ምትክ «ጄ» የሚለውን ፊደል እንጠቀማለን፣ ምክንያቱም ኢ በሙያችን የፍሰት ምልክት ነው፤ እዚህ ግን ከጥያቄው ጋር እንዲስማማ ኢ እላለሁ።

30 ኦም ሬዚስተርና በ50 ኸርዝ ላይ 40 ኦም የሚቃወም ኢንዳክተር በፓራለል ተያይዘው በአገራችን የቤት መስመር፣ በ220 ቮልት ላይ ተሰክተዋል እንበል። በፓራለል የተያያዙ የሁለት ነገሮች ኢምፔዳንስ ብዜታቸው ለድምራቸው ሲካፈል ስለሆነ (30 × 40ኢ)/(30 + 40ኢ) እንጽፋለን። ይህ 1200ኢ/(30 + 40ኢ) ነው። በዚህ መልኩ ተጽፎ ሳለ ሰርኪዩቱ (የተያያዙት ነገሮች በአንድነት) ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ ከቁጥሩ ማንበብ አይቻልም። ላዕሉን ተመልክቶ «እውን ክፍል ስለሌለው ኃይል አይበላም» የሚል ሰው ፈጽሞ ይሳሳታል። በ30 − 40ኢ ስናባዛ ላዕሉ 36000ኢ + 48000፣ ታህቱ 900 + 1600 = 2500 ይሆናል፤ ስለዚህ ኢምፔዳንሱ 19.2 + 14.4ኢ ኦም ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ወጣ። እውኑ ክፍል 19.2 ወደ ሙቀትነት የሚለወጠውን ኃይል ይነግረናል፤ 14.4 ደግሞ ኢንዳክተሩ ተቀብሎ መልሶ ከሚሰጠው ኃይል ጋር የተያያዘ ነው። የሁለቱ ስኩዌሮች ድምር 576 ስለሆነ የኢምፔዳንሱ መጠን 24 ኦም ነው፤ ፍሰቱም 220/24፣ ማለትም 9.17 አምፔር ገደማ ይሆናል። የፍሰቱ ስኩዌር በ19.2 ሲባዛ 1613 ዋት ገደማ ይሰጣል። ይህ ትክክል መሆኑን በሌላ በኩል ማረጋገጥ ይቻላል፤ ኃይል የሚበላው ሬዚስተሩ ብቻ ስለሆነ 220 ስኩዌር ለ30 ሲካፈል ተመሳሳዩ 1613 ዋት ይወጣል።

እርግጥ ነው፣ ማካፈል ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ቁጥሮቹን በመጠንና በማዕዘን መጻፉ ይቀላል፤ 1200 በ90 ዲግሪ ለ50 በ53.13 ዲግሪ ሲካፈል 24 በ36.87 ዲግሪ ነው፣ መጠኖቹ ይካፈላሉ፣ ማዕዘኖቹ ይቀነሳሉ። ነገር ግን ከዚህ ሰርኪዩት ቀጥሎ ሌላ ነገር በተከታታይ ቢያያዝ መደመር ስለሚያስፈልግ ተመልሰን እውኑንና ምናባዊውን ክፍል ለይተን መጻፋችን አይቀርም። ስለዚህ ለተማሪ የምመክረው በኮንጁጌት ማቃለሉን አስቀድሞ በደንብ እንዲለማመድ ነው።


ፕሮግራም ጸሐፊ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኮምፒውተር ይህን ማካፈል ሲሠራ ሐ² + መ² የሚለውን ታህት እንደ ወረደ ማስላቱ ችግር ያመጣል። በተለመደው የቁጥር አያያዝ ትልቁ ሊያዝ የሚችለው ቁጥር 1.8 × 10³⁰⁸ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሐ 10²⁰⁰ ቢሆን ራሱ ሐ ያለ ችግር ይያዛል፣ ስኩዌሩ ግን 10⁴⁰⁰ ስለሆነ ከአቅም በላይ ይሆናል። መልሱ ትንሽ ቁጥር ሆኖ ሳለ በመካከል ያለው ስሌት ይበላሻል ማለት ነው። ሮበርት ስሚዝ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ዘዴ ከማባዛት በፊት ከታህቱ ሁለት ክፍሎች ትንሹን ለትልቁ ያካፍላል። በጠያቂው ምሳሌ 2 ለ −3 ሲካፈል −2/3 ነው። አዲሱ ታህት 2 × (−2/3) − 3 = −13/3፤ እውኑ ክፍል (5 × (−2/3) + 1) ለ −13/3 ሲካፈል 7/13፤ ምናባዊው ክፍል (1 × (−2/3) − 5) ለ −13/3 ሲካፈል 17/13። ምንም ነገር ስኩዌር ሳይደረግ ከዚያው መልስ ተደርሷል። ውስጡ ሲፈተሽ ግን ያው በኮንጁጌት ማባዛት ነው፣ ላዕልና ታህቱ አስቀድመው በአንድ ቁጥር ስለተካፈሉ ብቻ ተለውጦ ይታያል።


የማታ ተማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ኮንጁጌቱን በ ሀ እና ለ ፈልገው ያገኙበት መንገድ ግልጽ ሆኖልኛል፤ በሌሎች ታህቶችም ላይ ሞክሬው ሠርቷል። የኢምፔዳንሱንም ስሌት በወረቀት ላይ ደግሜ ሠርቼው 19.2 + 14.4ኢ ላይ ደርሻለሁ።

ከዚህ የተነሣ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ከላይ በተባለው መሠረት 1/ኢ = −ኢ ነው፤ ላዕልና ታህቱን በኢ ማባዛት ይበቃል። ነገር ግን 1/ኢ ማለት √1/√−1 ነው ብዬ፣ በስኩዌር ሩት ሕግ በአንድ ሩት ሥር ላስገባው ብል √(1/−1) = √−1 = ኢ ይሆናል። በአንድ በኩል −ኢ፣ በሌላ በኩል ኢ ሊሆን አይችልም፤ ከሁለቱ አንዱ እርምጃ ያልተፈቀደ መሆን አለበት። የትኛው ነው?


የሒሳብ መምህር፦

ያልተፈቀደው ሁለቱን ሩቶች በአንድ ሩት ሥር ማስገባቱ ነው። √ሀ/√ለ = √(ሀ/ለ) የሚለው ሕግ በዝቅተኛ ክፍሎች ሲሰጥ ሀ ኔጌቲቭ እንዳይሆን፣ ለ ደግሞ ፖዘቲቭ እንዲሆን በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው የተሰጠው፤ ተማሪው በዚያን ጊዜ ሌላ ዓይነት ቁጥር ስለማያውቅ ቅድመ ሁኔታውን ይረሳዋል፣ ሕጉን ብቻ ይዞ ይቀጥላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከዜሮ በቀር ማንኛውም ቁጥር ሁለት ስኩዌር ሩቶች አሉት፤ ስኩዌራቸው −1 የሚሆነው ኢም −ኢም ናቸው። √ የሚለው ምልክት ከሁለቱ አንዱን ለይቶ እንዲያመለክት ተስማምተናል፤ √−1 ስንል ኢን እንጂ −ኢን አንልም። ሁለት ሩቶችን ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር የሚፈለገው ስኩዌር እንዳለው እርግጠኛ ነን፣ ነገር ግን ከሁለቱ ሩቶች የተመረጠው መሆኑን የሚያረጋግጥልን ነገር የለም። በእርስዎ ምሳሌ ሩቶቹ ሲካፈሉ የወጣው ያልተመረጠው፣ ማለትም −ኢ ነው። ስኩዌሩ −1 ነው፣ ይህ ትክክል ነው፤ √−1 ግን አይደለም።

ይህ በመልመጃ ላይ እንዴት እንደሚያሳስት ልብ ብለው ይዩ። √−20/√−5 ላይ ሁለቱንም በአንድ ሩት ሥር ቢያስገቡ √4 = 2 ይወጣል፤ በትክክለኛው መንገድ (2√5·ኢ)/(√5·ኢ) ቢሉም 2 ነው። √−12/√3 ላይም በሁለቱም መንገድ 2ኢ ይወጣል። ተማሪው ሕጉ የሠራ ይመስለዋል። √12/√−3 ላይ ሲደርስ ግን በአቋራጩ √−4 = 2ኢ ይላል፣ ትክክለኛው ደግሞ 2√3/(√3·ኢ) = 2/ኢ = −2ኢ ነው። በማካፈል ጊዜ አቋራጩ የሚያሳስተው ላዕሉ ፖዘቲቭ፣ ታህቱ ኔጌቲቭ ሲሆን ብቻ ነው፤ በማባዛት ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ኔጌቲቭ ሲሆኑ ያሳስታል፣ √−4 × √−9 ማለት 2ኢ × 3ኢ = −6 እንጂ √36 = 6 አይደለም። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ከሩት ሥር ኔጌቲቭ ቁጥር ባዩ ቁጥር ምንም ሌላ እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት ወደ ኢ ይለውጡት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እስካሁን የተነጋገርንበት ነው።

ለልምምድ ያህል (4 + √−9)/(1 − √−4) የሚለውን አቃልለው፣ አስጠኚው ባሳዩት መንገድም አረጋግጠው ቢጽፉልን መልካም ነው።


የማታ ተማሪ፦

በታዘዝኩት መሠረት ሩቶቹን አስቀድሜ ስለውጥ (4 + 3ኢ)/(1 − 2ኢ) ይሆናል። በ1 + 2ኢ ሳባዛ ላዕሉ 4 + 8ኢ + 3ኢ + 6ኢ² = −2 + 11ኢ፣ ታህቱ 1 + 4 = 5 ነው፤ ስለዚህ መልሱ −2/5 + (11/5)ኢ። ለማጣራት፦ ለላዕሉ 16 + 9 = 25፣ ለታህቱ 5፣ ሲካፈል 5፤ ለመልሱ (4 + 121)/25 = 5። ምልክቱን ለማረጋገጥ ደግሞ (−2 + 11ኢ)(1 − 2ኢ) = −2 + 4ኢ + 11ኢ + 22 = 20 + 15ኢ፣ በ5 ሲካፈል 4 + 3ኢ ተመልሷል።